እንደ ናሙናው

ጥቅምት 4

ዛሬ ስልሳ ዝንብ አሰርኩ። ትንንሾቹን፣ ለወንዝ ዓሣ የሚሆኑትን፣ ቡናማ ላባ ያላቸውን። ክሩ የሚያልፍበት የጣቴ ጎን እንደገና ተሰነጠቀ... በሙጫ ደፈንኩት።

ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ያቺኑ ቀልዱን ደገማት። "ዛሬስ ስንት ዝንብ አሰርክ? ደግሞ በምን ወንጀል?" አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ። ሳቅሁለት። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ድሮ ሰልችቶኛል። "የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ መንጠቆውን በሞርሳ ነክሰን ይዘን፣ ላባና ጸጉር በክር እየጠመጠምንበት ዝንብ እናስመስላለን፣ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳል" ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጣቴን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያያል። ጤነኛ መሆኔን ሊያረጋግጥ ነው መሰለኝ።

ፎርማናችን በዚህ ወር ጡረታ ይወጣል። ቦታው ለማን እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። ማለቴ... ወሬው ሲነሣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚያዩት። ባለቤቴ ሁለት ሸሚዝ ተኮሰችልኝ። "ፎርማን ሙጫ የነካው ሸሚዝ አይለብስም" አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ግን ሁለቱንም ተኩሳለች።

ጥቅምት 12

ለወንድሜ ሰጡት።

ጥቅምት 13

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

አባባ (የድርጅቱን ባለቤት ሁላችንም እንዲህ ነው የምንላቸው) ቢሯቸው ጠርተው አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ ያንተ እጅ ከሞርሳው ከተነሣ ናሙና ማን ያስርልኛል?" አሉኝ። "የወንድምህ እጅ እንዳንተ አይደለም፤ እሱ ቢነሣ ሥራው አይጎዳም።" ማለት... እጄ ጥሩ ስለሆነ እዚያው ልቀመጥ። እሱ መካከለኛ ስለሆነ ይሾም። ይህን ምን ይሉታል? እያመሰገኑ ፊት መንሳት።

እዚህ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ክር እንዴት እንደሚወጠር ጣቱን ይዤ ያሳየሁት እኔ። አባታችን ሲሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ጫማውን ሳይቀር እኔ ነበርኩ የማስርለት። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲሉት የሚሄደው እኔ።

ማታ ቤት መጣ። አልተቀመጠም። "ወንድም ጋሼ፣ አንተ ቅር ካለህ አልቀበልም" አለ። ምን እላለሁ? ቅር ብሎኛል ይባላል? "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ሳህን በኃይል ታስቀምጥ ነበር። "እትዬ፣ ምን ሰበርሽ?" አላት እየሳቀ። "ገና ነኝ" አለችው።

ጥቅምት 27

አዲሱ ፎርማን ቦታ አዘዋወረ። የእኔ ሞርሳ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ግድግዳው፣ መስኮቱ ሥር የእሱ ጠረጴዛ። "ሁሉንም ከዚያ ማየት አለብኝ" ነው ምክንያቱ። "ወንድም ጋሼ እኮ ዓይኑን ጨፍኖም ያስራል" አለ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ይዞልኝ መጣ። ከራሱ ገንዘብ ነው የገዛው። ጥሩ መብራት ነው። አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው። ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር... ክፉን ሰው መጥላት ቀላል ነው። ይኼኛው በጥፊ መትቶ ወዲያው ያባብሳል።

ጥቅምት 30

"ወንድም ጋሼ፣ ሰዓት።" ሰባት ደቂቃ አርፍጄ ነበር። በሰው ፊት። ፈገግ ብሎ፣ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ።

ጫማ አሳሪው አረፈደ።

ኅዳር 3

ትልቅ ትእዛዝ መጣ። የባሕር። እኛ በአብዛኛው የምናስረው የወንዝና የሐይቅ ነው፤ ትንንሽ፣ ቀላል፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ። የባሕሩ ሌላ ነው። መንጠቆው ትልቅና የማይዝግ፣ ራሱ ላይ ሁለት የብረት ዓይን ይታሰርበታል፤ ያ ክብደት ወደ ወለሉ ያወርደዋል። አራት መቶ ደርዘን። ከዚህ ቤት የባሕር አስረን የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን።

ናሙናውን እኔ አስራለሁ። ፎርማኑ አይቶ ካርዱ ላይ ይፈርማል፤ ናሙናው ከነካርዱ መስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የጠረጴዛዋ ኃላፊ እሱን እያየች ለእያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ አንድ ቅጂ ታስራለች። ቅጂው ቡሽ ላይ ተሰክቶ ፊታቸው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። "ጸጉሩ ስንት ይሁን?" እንደ ናሙናው። "ክሩ ስንት ዙር?" እንደ ናሙናው። አንድ ጊዜ ናሙና ላይ ሳላውቅ ጠብታ ሙጫ ወድቃ ደርቃ ነበር። ሦስት መቶ ደርዘን ዝንብ ላይ ያቺን ጠብታ በጥንቃቄ አንጠባጥበው አስረከቡ። ያኔ በሳቅ ሞተን ነበር።

ኃላፊዋ ጭምቷ ናት። ስሟን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በቀን አሥር ቃል አትናገርም፣ ቀና አትልም፣ ግን እጇና ዓይኗ... ከእኔ ቀጥሎ እሷ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ያልኩት ራሴን ለመደለል ይሆናል። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች።

ኅዳር 6

የብረት ዓይኑ መታሰር ያለበት በመንጠቆው ጀርባ ነው። በጀርባው ከታሰረ ውሃ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሹሉ ወደ ላይ ስለሚሆን የወለሉ ድንጋይና ሣር አይዘውም። በሆዱ፣ ማለትም ሹሉ ባለበት በኩል ከታሰረ ግን፣ ሹሉ ወደ ታች ይወርድና መጀመሪያ የሚነክሰው ድንጋይ ነው። ዓሣ ትቶ ድንጋይ የሚያጠምድ ዝንብ።

ዛሬ በሆዱ አሰርኩት።

ተሳስቼ ነው ልበል? እዚህ ደብተር ላይ ደግሞ ለማን እዋሻለሁ? አውቄ ነው። ቂም ቋጠረ ሲባል እሰማ ነበር፤ በእውነተኛ ክር ሲቋጠር ያየሁት ዛሬ ነው።

ያሰብኩት ይህን ነው። ወንድሜ ካየው ያየዋል፤ "ምነው ዛሬ?" ይለኛል፣ እስቃለሁ፣ እፈታዋለሁ። ካላየው አባባ የመጀመሪያውን ሣጥን ሲፈትሹ ያገኙታል። "ይህን የፈረመው ማነው?" ይላሉ። በቃ። ይህቺን ታህል ነው የፈለግሁት። አንድ ቀን በሰው ፊት ይፈር።

እኔስ ምን እላቸዋለሁ? "እጄ ሳተ፤ እሱ ያያል ብዬ ነው።" እንዲያውም ለዚህ አይደል ፎርማን የሚሾመው?

ወንድሜ በስልክ እያወራ ነበር። አገላብጦ እንኳ አላየውም። "ያንተን ደግሞ ልፈትሽ?" ብሎ ፈረመ።

ኅዳር 8

ምሳ ሰዓት ላይ ጭምቷ ወደ ሞርሳዬ መጣች። የመጠጥ ውሃ ብርጭቆ ይዛለች፤ ውስጡ አንዱን ቅጂ ጥላበታለች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ... ሹሉ ወደ ታች ነው የሚወርደው።"

"እና?"

"መሬቱን አይዘውም?"

ባሕር አይታ አታውቅም። ማንም አልነገራት። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ደረሰችበት። እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ?

"ባሕር ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እንደ ናሙናው እሰሪ።"

"እሺ ጋሼ።"

ውሃውን ደፋች፤ ዝንቡን በሽርጧ ጫፍ አደረቀችና ቡሹ ላይ መለሰችው። አሥራ ሁለቱም ሴቶች ማሰር ጀመሩ።

"ነይ፣ ልክ ነሽ" ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ቃል። ለምን አላልኩም? ልክ ስለሆነች ነው የተናደድኩባት መሰለኝ።

ኅዳር 14

አባባ ጉልበታቸውን ታመው ቤት ተኝተዋል። የመጀመሪያውን ሣጥን ያየው ፎርማኑ ብቻ ነው። ቁጥሩን ቆጠረ፣ ቀለሙን አየ፣ ዘጋው።

ነገሩ ካሰብኩት በላይ እየሄደ ነው። ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 15

አልነገርኩትም።

ኅዳር 17

ዛሬ በእርግጥ ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። "የባሕሩን ዝንብ በተመለከተ..." አልኩ። "ወንድም ጋሼ፣ ነገ፣ እባክህ ነገ" አለኝ፤ በአንድ ጆሮው ስልክ፣ በአንድ እጁ ደረሰኝ። እሺ አልኩ። እሺ ስል ቅልል አለኝ። አየህ እሱ ነው እንቢ ያለው... እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ሞርሳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ለራሱ ጠበቃ ሲቆም እንዴት ጎበዝ ነው።

ኅዳር 24

ትእዛዙ ተጫነ። ፎርማኑ ለሁሉም ብስኩትና ለስላሳ ገዛ። ወንበር ላይ ቆሞ "ይህ የወንድም ጋሼ ናሙና ውጤት ነው" አለ። አጨበጨቡ። ጭምቷም አጨበጨበች። ብስኩቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ታኅሣሥ 9

ምንም የለም። ምናልባት አይታወቅም ይሆናል... ምናልባት ዓሣው ሞኝ ነው። በየቀኑ ፖስተኛው ሲመጣ ክሬን እበጥሳለሁ።

ታኅሣሥ 24

መጣ። ደብዳቤና አንድ ሣጥን። ገዢዎቹ ጀልባ ላይ ሞክረውት በግማሽ ቀን አሥራ አንድ ዝንብ ድንጋይ ላይ ቀርቶባቸዋል። የቀረውንም እንመልሳለን ብለዋል። ወንድሜ ደብዳቤውን ይዞ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "ከምሳ በኋላ አባባ ይመጣሉ፤ ናሙናውን አብረን እናያለን" አለ። ድምፁ ያኔ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲሉት እንደነበረው ነው።

ሁሉም ለምሳ ወጡ። ቀረሁ።

መንጠቆ፣ ክር፣ ነጭ ጸጉር፣ የብረት ዓይን። በጀርባው። ስድስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንደዚያ ያማረ ዝንብ በሕይወቴ አስሬ አላውቅም። መስታወቱን ከፈትኩ፤ ካርዱን ከነፊርማው ከአሮጌው ፈትቼ አዲሱ ላይ አንጠለጠልኩ። አሮጌውን ሽንት ቤት ጣልኩት፤ ውሃ ለቀቅሁበት።

ለወንድሜ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። ፈርቼ ነው። ያ የድፍረት ንግግሬ፣ "እጄ ሳተ፤ እሱ ያያል ብዬ ነው" ያልኩት፣ ከየት ይምጣ? ትዝ ያለኝ የራሴ ወንበር ብቻ ነበር።

አባባ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ናሙናው ወጣ። ዓይኑ በጀርባው። ልክ። ወንድሜ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ከዚያ ቡሹ ላይ ያሉትን ቅጂዎች አመጡ። በሆዱ። አሥራ ሁለቱም በሆዱ።

"ቅጂውን ያሰረው ማነው?" አሉ አባባ።

ሁሉም ወደ ጭምቷ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ይህን መጻፍ አለብኝ... እኔም ዞርኩ።

ናሙናውን በእጇ ተቀበለች። አገላበጠችው። እንደገና አገላበጠችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ በየቀኑ የሚገባበት በር ቦታው ላይ አልገኝ ያለው ሰው ነው የምትመስለው። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አሁን "ይህ ያኛው አይደለም" ትላለች።

"ገልብጬ አይቼው ነው" አለች። አልተሰማም፤ አባባ ጮክ ብለሽ ተናገሪ አሏት። "ሞርሳው ላይ ሳስረው ገልብጬው መሆን አለበት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ታኅሣሥ 25

አሰናበቷት። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች።

ሽርጧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። ሸሽቼ በኋላ በር ልወጣ ነበር፤ ቀድማ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን በብርጭቆ ይዤ መምጣቴን አልነገርኳቸውም።"

ቦርሳዋን ማየት ያዝኩ።

"እርስዎ እንደ ናሙናው ነው ያሉኝ። ናሙናውን ደህና አድርጌ ያላየሁት እኔ ነኝ። ለምን ስምዎ ይነሣል ብዬ ነው።"

"አይዞሽ" አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አይዞሽ።

ታኅሣሥ 30

ፎርማኑ ሞርሳዬን ወደ መስኮቱ መለሰው። ራሱ ተሸክሞ። "ያንተ ናሙና ባይኖር አልቆልኝ ነበር" አለኝ። ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለልኝ። ብርሃኑ ቀጥታ እጄ ላይ ይወርዳል። ዛሬ ስምንት ዝንብ ብቻ አሰርኩ፤ አምስቱን ፈታሁ።

በጭምቷ ቦታ የተቀመጠችው ሴት ቅጂ ስታስር በየደቂቃው ትጠይቀኛለች። "ጋሼ ይኼ ነው ጀርባው? ጋሼ እርግጠኛ ነዎት?" ሁሉም ፈርተዋል። ማንም ብርጭቆ ይዞ አልመጣም።

ጥር 5

ቁርስ ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። እንቁላል እየጠበሰች ነበር። መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

"አምንሃለሁ" አለች። እንባና ጩኸት ነበር የጠበቅሁት። "ወንድምህ የተሾመ ሰሞን ፊትህን አይቼዋለሁ። እኔም ሳህን እያንኳኳሁ ሳራግብልህ ነበር። አሁን ሂድና ተናገር።"

"ቢያባርሩኝስ?"

"ያባርሩሃ። እሷን አባረው የለም?"

እንቁላሉ አረረ። ያንኑ በላን።

ጥር 7

ተናገርኩ። ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ ወንድሜ መብራት ሲያጠፋ።

"ናሙናውን አበላሽቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።"

"የቱን?"

ነገርኩት። ከመጀመሪያው። ስለ ሹመቱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ "ሰዓት"፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ሽንት ቤቱ። አንዳች አላስቀረሁም። ስጨርስ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ልጆች ስላሏት ልታድናት ነው፣ አይደል?"

"አይደለም። እኔ ነኝ እያልኩህ።"

"አሮጌው ናሙና የታለ?"

"ጣልኩት አልኩህ እኮ።"

"አየህ?" ትከሻዬን ያዘ። "አንተ የሰው ዝንብ እሽ ብለህ አታውቅም። እኔን ልትጎዳ? አንተ ያሳደግኸኝን እኔን?"

ማልኩለት። ለመንኩት። ክፉ ነኝ ብሎ የሚለምን ሰው ታይቶ ያውቃል? በለመንኩት ቁጥር ደግነቴ እየባሰበት ሄደ። በመጨረሻ "ወንድም ጋሼ ደክሞሃል፤ ነገ እረፍ" ብሎ ካፖርቴን አለበሰኝ።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ካመነኝ፣ የተበላሸውን ናሙና ሳያይ የፈረመው እሱ ነው። ውሸታም አይደለም፤ እያወቀ ያደረገው አይመስለኝም። ግን እኔን ደግ ማድረግ ለእሱም ይመቸዋል። ለሁላችንም ይመቸናል። የማይመቸው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው።

ጥር 9

አባባ ዘንድ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት "ወንድምህ ነግሮኛል፤ እንደምትመጣ አውቄ ነበር" አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ቤታቸው ስላለ ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። "ግን ሥራ ሥራ ነው። እሷን ብመልስ ነገ ማንም ናሙና ደህና አድርጎ አያይም።"

"አባባ፣ እሷ ነበረች ያየችው። ሌላ ያየ አልነበረም።"

"ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ" አሉኝ።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ?

ጥር 10

ለባለቤቴ የሆነውን ነገርኳት። "ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን ትንሽ ትንሽ ክፋት ብታሳያቸው ኖሮ ዛሬ ያምኑህ ነበር" አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጥር 18

ወሬው ተዳርሷል። ሴቶቹ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ ነው ሰላም የሚሉኝ። አንዷ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ነጠቅኋት። ይህን ሁሉ ክብር ፎርማን ሆኜ እንኳ አላገኘውም ነበር። ተመኘሁት እኮ... ይኸው።

ጥር 22

ወደ ጭምቷ ቤት ልሄድ ተነሣሁ። ከግማሽ መንገድ ተመለስኩ። ካመነችኝ ምን እላታለሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ካላመነችኝስ የሚለውን አላሰብኩበትም ነበር።

የካቲት 11

ራሷ መጣች። እሑድ፣ ከምሳ በፊት። አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ታጥፋለች። ከስታለች። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች፤ ባለቤቴ እጇን ይዛ አስገባቻት።

"ያደረጉልኝን ሰምቻለሁ" አለችኝ። "ለእኔ ሲሉ በራስዎ ላይ መዋሸትዎን። አንድም ሰው ስሜን በደግ አላነሣም፤ ከእርስዎ በቀር። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።"

አሁን ነው አልኩ። ዓይኗን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። "ብርጭቆው ትዝ ይልሻል? ልክ ነበርሽ። ናሙናው በሆዱ ነበር። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ዓይንሽ ምንም አልሆነም።"

በትዕግሥት ሰማችኝ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሲቃዥ እንደሚሰማው። ከዚያ ፈገግ አለች።

"ይበቃል ጋሼ። ናሙናውን በእጄ ይዤ አየሁት እኮ። ካርዱ ነበረበት። ፊርማው ነበረበት።"

"ካርዱን እኔ ነኝ..."

"ይበቃል። እንዲህ ሲሉ እኔም አዝናለሁ።"

ባለቤቴ "እውነቱን ነው" አለቻት። ጭምቷ ለእሷም ፈገግ አለችላት። ባልና ሚስቱ ተማክረው ሊያጽናኗት መሰላት። ሦስተኛ ምስክር ከየት ላምጣ?

ቦርሳዋን ከፈተች። ሌላ ወርክሾፕ ሰው እየቀጠረ ነው አሉ፤ ማክሰኞ ይፈትኗታል። የባሕርም የወንዝም። አንድ ትልቅ መንጠቆ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከማን እንደተዋሰችው አላውቅም።

"ከዚያ ወዲህ ሳየው ይምታታብኛል" አለች። "አሁን ጀርባው ይኼ ነው እላለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ሳየው ተገልብጦ ይታየኛል። እኔ የራሴን ዓይን አላምነውም። እርስዎ ከመጀመሪያው ቢያሳዩኝ... ብዬ ነው የመጣሁት።"

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ኩሽና ገባች። ምንም አልተንኳኳም።

ወንበር ሳብኩላት። አጠገቤ ተቀመጠች። መንጠቆውን ተቀብዬ በሁለት ጣቴ ያዝኩት።

"ይህ ጀርባው ነው" አልኳት። "ይህ ሆዱ።"

"ይህ ጀርባው። ይህ ሆዱ።"

ሦስቴ ደገመችው። ሦስቱንም ጊዜ የምታየው የእኔን ፊት ነበር። መንጠቆውን አንዴም አላየችውም።